ልጄ ዕዳውን መክፈል የጀመረ ሰሞን

ልጄ ዕዳውን መክፈል የጀመረ ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ደስታዬን ሳስታውስ ዛሬም በራሴ አፍራለሁ።

መጀመሪያ የነገረኝ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ነው። ሳሙና ልገዛ ብሄድ፣ ልጅሽ ትናንት መጥቶ ዱቤውን ሁሉ ዘጋ አለኝ። የሞባይል ካርዱን፣ የለስላሳውን፣ ለጓደኞቹ ያዘዘውን ብስኩት ሳይቀር ከፍሏል። ባለ ሱቁ ራሱ የረሳውን አንድ ሂሳብ ልጄ አስታውሶ እንደከፈለው ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጎሚስታው መንገድ ላይ አስቁሞ አመሰገነኝ፤ ለሚነዳው ባጃጅ ጎማ ቀርቶበት የነበረውን ሂሳብ ሰጥቶታል። ጎረቤቴ ደግሞ ክረምት ሳይገባ የወሰደባትን አካፋ፣ እጀታውን አስጠግኖ መለሰላት። እሷ እንኳ አካፋው ጠፋ ብላ ትታው ነበር።

እኔ ዕዳ የምፈራ ሴት ነኝ። ምክንያትም አለኝ። ባሌ የሞተ ቀን ጀናዛው ከግቢ ሊወጣ ሲል፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ ወንድሙ ቆሞ፦ በሟቹ ላይ ሐቅ ያለው ይናገር፤ ወይ አፉ በሉት፣ ይቅር በሉት፣ ወይ እኛ እንከፍላለን አለ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ነበርኩ። አንድ ሰው የበሬ ዋጋ ቀሪ አለኝ ሲል ድምፁ እኔ ያለሁበት ድረስ ተሰማ። ልጄ ያኔ ትምህርት ቤት እንኳ አልገባም ነበር። አጎቱ እጁን ይዞ ከሰው ፊት አቆመውና፣ የአባቴ ዕዳ በእኔ ላይ ነው በል አለው። ልጄም አለ። ያን ቀጭን ድምፅ ከሰማሁ በኋላ የበሬው ቀሪ እስኪከፈል ድረስ ለራሴ አንድ ነገር አልገዛሁም። ዕዳ ይዞ የሞተ ሰው ነፍሱ ታግታ ትቆያለች ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የቅቤ ንግድ የጀመርኩትም ያኔ ነው፤ ከሰንበቴ ገበያ ገዝቼ ከሚሴ ከተማ እሸጣለሁ። ባሌን ከዕዳው አወጣሁት፤ ንግዱ ግን መተዳደሪያዬ ሆኖ ቀረ። ልጄንም ከፊደል በፊት ያስተማርኩት የሰው ሐቅ አንገቱ ላይ እንዳያሳድር ነው።

የልጄ ትልቁ ዕዳ ታዲያ የሱቅ ዕዳ አልነበረም። የመንግሥት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ምግቡን፣ መኝታውን፣ የትምህርቱንም ወጪ ከፊሉን መንግሥት ይሸፍንለታል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ እየተቆረጠ ይመልሳል። ወረቀቱ ላይ የወጪ መጋራት ይባላል፤ ልጆቹ ኮስት ሼሪንግ ይሉታል። ቅጹን ይዞልኝ መጥቶ፣ ወላጅ በሚለው ቦታ ፈርሚ ሲለኝ፣ እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩ ነኝና ጣቴን እያስሄድኩ አንድ በአንድ አነበብኩት። ሻዩ ቀዘቀዘ። ልጄ ስልኩ ላይ ሰዓት እያየ፣ ሁሉም ሰው እኮ ነው የሚፈርመው እማ ይለኛል። ወረቀቱ ዋስ ነሽ አይልም። ግን በእኛ ዘንድ ስምህን ከሌላ ሰው ስም ሥር ካሰፈርክ ዋስ ነህ። ቢስሚላሂ ብዬ ፈረምኩ።

ስለ ሰብል ነው የተማረው። ሲመረቅ የተሰጠው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው፣ እነሱ ቴምፖ የሚሉት። ኦሪጅናሉ ዲግሪ የሚሰጠው ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ ነው። ቴምፖውን ይዞ ያልረገጠው ቢሮ፣ ያላነበበው የማስታወቂያ ሰሌዳ የለም። አንድ ጊዜ የግል ድርጅት ፈተናውን አልፈሃል ብሎ ጠራውና ኦሪጅናሉን አምጣ አለው። ኦሪጅናሉ የሚመጣው ዕዳው ሲከፈል ነው፤ ዕዳው የሚከፈለው ደግሞ ሥራ ሲገኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለስ የክብር ሸሚዙን አውልቆ አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ከተተውና በሳምንቱ የሰው ባጃጅ መንዳት ጀመረ።

በእኔና በእሱ መካከል የነበረው ጠብ ይኸው ዕዳ ነበር። እኔ አንድ ቀን ሳልፈራ አላድርም፤ አንስቼ እጠይቀዋለሁ። እሱ ይናደዳል። ውሃ ውሃ የሚል ሽሮ በልቼ ነው የተማርኩት፤ ብድር ነው ካሉ ሥራውን ይስጡኝና ይቁረጡ ይለኛል። እኔ ደግሞ ሽሮው ቀጠነ ተብሎ ዕዳ አይቀርም፤ በልተሃል፣ ተኝተሃል፣ አንብበሃል እለዋለሁ። ታዲያ ከምን ልክፈል ይለኛል። አንድ ጊዜ ላሜን ልሽጥና ክፈል ብለው፣ በላምሽ ወተት ተምሬ፣ በላምሽ ዋጋ ዕዳ ከፍዬ፣ መቼ ነው እኔ ሰው የምሆነው አለኝ። ከዚያ በኋላ ላሟን አላነሳኋትም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ልጅ ነው በአንድ ሰሞን ተነስቶ ለባለ ሱቁም ለጎሚስታውም መክፈል የጀመረው። ምክሬ ገባው አልኩ። ዛሬ የትንሹን ከከፈለ ነገ የትልቁን ያስባል አልኩ።

ደስታዬን የሞላው የአጎቱ ነገር ነው። የባሌ ወንድም ጨፋ ሮቢት አጠገብ ነው የሚያርሰው። የባሌ ድርሻ የነበረውንም ማሳ እሱ ነው የያዘው፤ በወሰኑ ምክንያት ልጄና እሱ ተኳርፈው፣ ልጄም ለአጎት የማይባል ቃል ተናግሮት ነበር። አንድ ቀን አጎትየው የማሽላ እሸት በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ፣ ፊቱ እንደ ዒድ ቀን በርቶ ከቤቴ ከተፍ አለ። ልጄ ጨፋ ድረስ ሄዶ ጉልበቱን ስሞ አፉ በለኝ ብሎታል።

"ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረውን ባጃጅ አስተማረው" አለኝ አጎትየው፣ ገና ሳይቀመጥ። "እኔ ደግሞ እንባዬ ሊመጣ ሲል ሳል የያዘኝ አስመስዬ ዞር አልኩ። ሚስቴ እውነት መስሏት ማር አመጣችልኝ።"

ሁለታችንም ሳቅን። እሸቱን ጠብሼ ለጎረቤቶቼም አካፈልኩ። ልጄ አደገ እያልኩ ያላወራሁለት ሰው አልነበረም።

የልጄ ላፕቶፕ ከመደርደሪያው ላይ እንደሌለ ያየሁት በዚያው ሳምንት ነው። አጎቱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የገዛለት ነው፤ እንደ ዓይኑ ብሌን ያየው ነበር። የት አለ ብለው እንዲጠገን ሰጥቼው ነው አለኝ። ቶሎ አመንኩት። ዕዳውን የሚከፍልበት ገንዘብ ከየት መጣ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ደስ ያለው ሰው ግን ብዙ አይጠይቅም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሰንበቴ ወረድኩ። ከአንዲት ሴት ነው ሁልጊዜ ቅቤ የምገዛው። ቆላ ነው ቤቷ፤ ቅቤዋን አላምንም ብዬ አይደለም፣ ልማዴ ሆኖ ነው እንጂ፣ ሁልጊዜ እንጨት ወግቼ መሐሉን አያለሁ። እሷም ሁልጊዜ ወጊው፣ ሆዱ ውስጥ ድንች ታገኚ ይሆናል እያለች ትቀልድብኛለች። የእሷ ልጅ ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ እገባለሁ ብሎ በአፋር በኩል ከወጣ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ስለ እሱ እኔ አልጠይቃትም፤ እሷም አታነሳም። ያን ቀን ግን እንጨቱን ስወጋ፣ "ኢልሚ ኬ አካም?" አለችኝ፣ በኦሮምኛ ልጅሽ እንዴት ነው ማለቷ ነው።

እኔ ሞኟ አወራኋት። ዱቤውን መዝጋቱን፣ አካፋውን አስጠግኖ መመለሱን፣ ሁሉንም። እጇ ከቅቤው ላይ ቆመ።

"የተጣላውን ሰውስ?" አለችኝ።

"አጎቱን ጨፋ ድረስ ሄዶ ጉልበቱን ስሟል።"

"አንቺንስ? አፉ በይኝ ብሎሻል?"

"እኔን አላለኝም።"

"እንግዲያው ገና አልሄደም" አለች።

ወዲያው ገባኝ። የእኛ አገር ሰው ሐጅ ሲሄድ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ በዚያ መንገድ የሚሄዱት ልጆችም የሰው ሐቅ ይዘው ባሕር አይገቡም። የሚከፈለውን ይከፍላሉ፣ የማይከፈለውን አፉ ያስብላሉ። የመጨረሻዋ እናት ናት። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የማውቀውን ነገር ከራሴ ልጅ ጋር አላገናኘሁትም። ላፕቶፑም የት እንደገባ ያኔ ገባኝ።

ሴትዮዋ ቅቤዬን በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች፣ የእሷ ልጅ ለልብስ ሰፊው እንኳ ከፍሎ እንደሄደ ነገረችኝ። ልጄ ሰው ሆነ ብላ እሷም ንፍሮ ቀቅላ ጎረቤት ጠርታ ነበር። ሂሳቤን ስሰጣት እጄን ለቀቅ አላደረገችም። አፉ ስትዪው ነው የሚሄድብሽ አለችኝ።

በሚኒባሱ ስመለስ ቅቤው ጉልበቴ ላይ ቀልጦ ቀሚሴን አበላሸው፤ ያወቅሁት ከሚሴ ወርጄ ነው።

ከዚያ ወዲያ የኖርኩት ኑሮ ለሰው የሚነገር አይደለም። ልጄን እንዳላጣ ከልጄ እሸሽ ጀመር። እማ ባለኝ ቁጥር የሆነ ነገር ትዝ ብሎኝ እነሳለሁ። ድሮ ሙዝ ገዝቶልኝ ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ሙዙን ከእጁ ተቀብዬ ወዲያው ወደ ጎረቤት እወጣለሁ። ብቻችንን እንዳንሆን ጎረቤቴን ካልመጣሽ እላታለሁ። ልሂድ ስትል የማይረባ ወሬ ፈልጌ አስቀምጣታለሁ፤ ምን ነካሽ እስክትለኝ ድረስ። ለአጎቱ ልንገረው ብዬ አሰብኩ፤ አጎቱ ቁጡ ነው፤ ቢጮህበት ያኔውኑ ይነሳብኛል ብዬ ተውኩት። መታወቂያውን ልደብቅ አልኩ፤ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው መታወቂያ ምን ያደርግለታል። በእጄ ያለችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። እስካልጠየቀኝ ድረስ አልሄደም፣ እስካልጠየቀኝ ድረስ ቤቴ ነው እያልኩ ከርሜ፣ አንድ ቀን ከሱብሂ ሶላት በኋላ መስገጃዬን ሳጥፍ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"እማ፣ ተቀመጪ።"

"ወተቱ ሊገነፍልብኝ ነው" አልኩት።

"ላሟ ገና አልታለበችም፣ እማ።"

ተቀመጥኩ። መስገጃውን ደረቴ ላይ ይዤዋለሁ።

"አፉ በይኝ" አለኝ። "ያስቸገርኩሽን፣ ያስለቀስኩሽን። ያጠባሽኝን ጡትሽን ሐላል አድርጊልኝ።"

"የት ልትሄድ ነው?"

"የትም። ሰው እናቱን አፉ በይኝ አይልም?"

"ለባለ ሱቁ ከፈልክ። ለጎሚስታው ከፈልክ። የመንግሥቱስ?"

"እሱ ሌላ ነው።"

"የባለ ሱቁን ብስኩት ይዤ ባሕር አልገባም ያልክ ሰው፣ ያን ሁሉ ዓመት የበላኸውን ይዘህ ትገባለህ?"

ባሕር ስል ቀና ብሎ አየኝ። ማወቄን አወቀ። ከዚያ በኋላ አልደበቀኝም። እዚያ ሠርቼ በዓመቱ እዘጋዋለሁ፤ እዚህ ተቀምጬ ግን ፀጉሬ ቢሸብትም አይዘጋም፤ ወላሂ እውነቴን ነው አለኝ። በልቤ እውነቱን ነው ብያለሁ። ባጃጁ ለባለቤቱ ገቢ አስገብቶ የሚተርፈው የምሳ ነው።

"እዚያ ካልደረስክስ ማን ይከፍላል? ዋሱ እኔ ነኝ።"

"ዋስ የሚል የለበትም። ወላጅ ነው የሚለው።"

"እኔ ዋስ ነኝ ብዬ ነው የፈረምኩት።"

"ኧረ እማ፣ ጡትሽንና ኮስት ሼሪንግን ምን አገናኛቸው?"

"ሁለቱም አብልተውሃል" አልኩት።

እኔም ቀጠልኩ። ከሁለቱ አንዱን ጥለህ አንዱን ብቻ አፉ አስብለህ አትሄድም፤ የመንግሥቱን ጨርሰህ ስትመጣ የእኔን እልሃለሁ አልኩት። ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ለዓመታት ስፈራው የኖርኩት ዕዳ ያን ጠዋት ልጄን የማስርበት ገመድ ሆኖ ታየኝ፤ ያዝኩት። እሱም ሳይቆጣ ተነሳ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ቅቤ ላደርስ ወጥቼ ስመለስ የባጃጁ ባለቤት ደጄ ቆሟል። ባጃጁን አጥቦ፣ ጎማውን አስነፍቶ አስረክቦኛል፤ ምን ሆኖ ነው ሥራ የተወው፣ እኔ እኮ አልከፋበትም አለኝ። ቤት ገባሁ። የክብር ሸሚዙ ሻንጣ ውስጥ አለ። ቴምፖውም በላስቲኩ አለ። የእግር ጫማው የለም።

ልጄ የደወለው በነጋታው ከዐስር ሶላት በፊት ነው፣ አፋር ውስጥ ካለችው ከሎጊያ። በማላውቀው ቁጥር ነበርና መጀመሪያ ላነሳው አልፈለግሁም። ነፋሱ ከድምፁ በላይ ይሰማል። ሊነሱ ነው፤ ደላላው ስልካቸውን ሊሰበስብ ነው፤ ከዚህ በኋላ መደወል የለም አለኝ።

"አፉ በይኝ፣ እማ። ማሎ።"

ማሎ ማለት እባክሽ ማለት ነው፤ ትንሽ ሆኖ ገንዘብ ሲለምነኝ ነበር እንዲህ የሚለው።

እዚህ ላይ ሰው እንዲረዳኝ እፈልጋለሁ። አፉ ብለው ልቡ ቀልሎት ይሄዳል፤ ባሕሩ ይጠብቀዋል። እምቢ ብለው ደግሞ ቢሄድስ? የእናት አፉታ ሳይዝ በዚያ ጀልባ ላይ ቢወጣስ? የሰፈሬ ሼህ እንኳ በእናት ቅሬታ የሄደ ሰው መንገዱ አይቀናም ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጄን ለማዳን የያዝኩት ቃል ልጄን የሚያሰጥመው ቃል ሊሆን ይችላል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ከላሚቱ ጋጥ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ላሚቱ ጨው እንደያዝኩ ሁሉ ክንዴን ትልሰኛለች።

"አፉታ በስልክ አይላክም" አልኩት። "ና፤ ፊቴ ቆመህ ጠይቀኝ።"

"እማ፣ ሳትይኝ ብሞትስ?"

"ሳልልህ አትሙት።"

ስልኩን እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ከዚያ ገብቼ ሰገድኩ። ሱጁድ ላይ ግንባሬን መሬት አድርጌ፣ ጌታዬ፣ አፉ ብዬዋለሁ አልኩ። ከሆዴ ከገባበት ቀን ጀምሮ፣ ከጡቴ፣ ካደረግሁለት ሁሉ፣ ሐላል ብዬዋለሁ፤ አንተ ስማኝ፣ እሱ ግን አይስማኝ አልኩ። እንዲህ ያለ ዱዓ ይደረግ እንደሆነ አላውቅም። የሚያውቅ ሰውም አልጠየቅሁም፤ አይሆንም እንዳይለኝ ፈርቼ።

ወሬው ሲሰማ አጎቱ ከጨፋ መጣ። እንደፈራሁት ጮኸ፤ ግን በልጁ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ ነበር። እናት እንዴት ልጇን በርግማን ትሸኛለች አለኝ። አልረገምኩትም አልኩት። አፉ አለማለት ከርግማን በምን ይለያል አለኝ። ጎረቤቶቼም እሱን ደገፉ፤ ደውዪና በይው፣ አንጀትሽ እንዴት ቻለ አሉኝ። ለጌታዬ የነገርኩትን ለእነሱ ብነግራቸው በሆነ ዘዴ ለልጄ ያደርሱብኛል። ስለዚህ አንጀተ ደረቅ ሴት ሆኜ ተቀመጥኩ። አጎትየው ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ወጣ። ልጄ የደወለበት ስልክ ተዘግቷል። ቅቤ ለመሸጥ ገበያ መውጣት አቃተኝ፤ የተሰበሰበ ሰው ባየሁ ቁጥር መርዶ የመጣብኝ ይመስለኛል። ላሟን ሳልብ ጆሮዬ ከመንገድ ነው።

መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የግቢው ቆርቆሮ በር ሲንኳኳ፣ የራሱን ቤት በር እንደ እንግዳ ያንኳኳው ልጄ ነበር። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ፀጉሩ አቧራ ለብሶ ሽማግሌ መስሏል። አላቀፍኩትም። ያቀፍኩት እንደሆነ አለቅሳለሁ፤ ያለቀስኩ እንደሆነ ቃሉ ከአፌ ይወጣል።

"መጣሁ" አለኝ። "ይኸው ፊትሽ ቆሜያለሁ።"

"መጀመሪያ ብላ" አልኩት።

በላ። ሲበላ ሳየው ከየት ድረስ ደርሶ እንደተመለሰ አልጠየቅሁትም። በኋላ ራሱ ለአጎቱ ሲነግረው ነው የሰማሁት። መኪናው ተነስቶ፣ ልጄም ተሳፍሮ ትንሽ ከሄዱ በኋላ አውርዱኝ ብሏል። ሾፌሩ ሰድቦታል፤ ደላላው የተቀበለውን ገንዘብ አልመለሰለትም። አብሮት የነበረው የሰፈራችን ልጅ፣ ባክህ እናት ኋላ ትለዝባለች ብሎት ነበር። የዚያ ልጅ እናት በስልክ አፉ ብላዋለች። ይድረስ አይድረስ እስከ ዛሬ አልሰማንም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ብያት ዓይኔን መሬት አደርጋለሁ።

በልቶ እጁን ሲታጠብ መልሶ ጠየቀኝ። እኔም መልሴን አዘጋጅቼ ጠብቄያለሁ።

"እኔ ከመንግሥት ኋላ ነኝ" አልኩት። "የሱን ጨርሰህ በመጣህ ቀን እልሃለሁ።"

"እማ፣ ይሄ እኮ ዕድሜ ልክ ነው።"

"ይሁን።"

ፎጣውን ፊቱ ላይ እንዳደረገ ቆየ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። "ከመንግሥት ጋር ተማክራችሁ ነው የያዛችሁኝ" አለኝ፤ ከፎጣው ሥር እየሳቀ ይሁን እየተናደደ አልለየሁትም።

ለብዙ ጊዜ አኩርፎኝ ነበር። ባጃጁን ባለቤቱ መልሶ ሰጠው። ኮስት ሼሪንጉን ከደሞዝ ሳይሆን ከኪሱ ጥቂት ጥቂት እያደረገ መክፈል ይችል እንደሆነ ሊጠይቅ ሄደ፤ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ወረቀት አለ ተባለ፤ ወረቀቱን አሁንም እየተከታተለ ነው። እኔ መጠየቄን አልተውኩም፤ ድምፄ ግን ተለውጧል ትለኛለች ጎረቤቴ። ድሮ መቼ ነው የሚያልቀው ብዬ እጠይቀው ነበር። አሁን አለ አይደል ወይ እንደማለት ነው የምጠይቀው። የሰው ሐቅ ነውና እንዲከፍለው እፈልጋለሁ። ቶሎ እንዲያልቅ ግን ዱዓ አላደርግም፤ ይህንንም ጌታዬ ያውቃል። ልጄ ይህን ጽሑፍ ካነበበው አፉ እንዳልኩት ያውቃል። እስኪያነበው ድረስ አልነግረውም።

ባለፈው ረመዷን ሊገባ ሲል ሱቁ በር ላይ አገኘሁት። እኔ ከኋላው ነበርኩ፤ አላየኝም። ስኳር፣ ቴምርና ሳሙና አስመዝኖ ይዟል። ኪሱ ገብቶ ብር አወጣ። ባለ ሱቁ ሁሉንም ነው የምትከፍለው ብሎ ሲጠይቀው የበሩን ብረት ያዝኩ።

"የቴምሩንና የሳሙናውን" አለ ልጄ። "ስኳሩን ጻፍብኝ።"

ባለ ሱቁ ጻፈ። እኔም የመጣሁበትን ረስቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።